ፎርስካን እና ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ፦ ፎርድ የደበቀውን በገዛ እጅ ለመክፈት ምን ያህል ያስተማምናሉ?

መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ እያደረገ አይወጣም። አምራቹ ለየሞዴሉና ለየገበያው የተለየ ኮምፒውተር መሥራት ስለማያዋጣው አንዱን ሞጁል (አንድ ሥራ የሚቆጣጠር የመኪና ኮምፒውተር) ለሁሉም ይገጥምና ልዩነቱን ውስጡ በሚጻፍ ቅንብር ይወስነዋል። የጭጋግ መብራቱ ከረጅም መብራት ጋር አብሮ ይብራ ወይስ ይጥፋ፣ ሪሞቱ ተጭኖ ሲያዝ መስታወቶቹ ሁሉ ይውረዱ ወይስ አይውረዱ፣ መኪናው መሄድ ሲጀምር በሮቹ ይቆለፉ ወይስ አይቆለፉ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቁልፉን ይዘው ሲወርዱ ክላክሱ ሁለቴ ይጩኽ ወይስ ዝም ይበል፤ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የአንዲት ቢት ጉዳይ ነው። 0 ወይም 1።

ፎርስካን እነዚህን ቢቶች ማንበብና መቀየር የሚያስችል የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የሚያገለግለው ለፎርድ፣ ለሊንከን፣ ለሜርኩሪ እና ለማዝዳ ነው። ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ ደግሞ ላፕቶፑን ከመኪናው ሶኬት ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ አስማሚ ነው። ሁለቱን አብሬ የምገመግመው ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አስማሚው መሃል መንገድ ላይ ከከዳ ሥራው ሁሉ ስለሚበላሽ ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ ለነዚህ ብራንዶች በግለሰብ እጅ ሊገባ ከሚችለው ሁሉ ይህን ጥምረት እመርጣለሁ። የነበረውን ቅንብር ሳይሸፋፍን ያሳያል፣ በፋይል ያስቀምጣል፣ ካስፈለገም መልሶ ይጽፈዋል። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ሁሉንም ስለሚያሳይ መነካት የሌለበትንም ያሳያል፤ የሚጽፉት ነገር ትርጉም ይኑረው አይኑረው ግን አይጠይቅም።

ከአስማሚው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። የፎርድ ሞጁሎች ሁሉም በአንድ መስመር አይነጋገሩም። ከመሪው በታች ባለው 16 ፒን ሶኬት ላይ ፒን 6 እና ፒን 14 ፈጣኑን የካን መስመር ይይዛሉ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ኪሎቢት ነው። ፒን 3 እና ፒን 11 መካከለኛውን መስመር ይይዛሉ፤ እሱ በ125 ኪሎቢት ይሠራል። ሞተር፣ ፍሬንና ኤርባግ ፈጣኑ ላይ ሲሆኑ፣ ሬዲዮ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ በርና ወንበር የመሳሰሉት ግን በብዙ ሞዴሎች መካከለኛው ላይ ናቸው። ተራ የጥፋት ኮድ (ሞጁሉ ብልሽት ሲያይ የሚመዘግበው ቁጥር) ማንበቢያ የሚደርሰው 6 እና 14 ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ግማሹ ሞጁል ሳይታይ ሲቀር መኪናው ተበላሽቷል ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሞጁሉ አለ፣ አስማሚው ነው ያልደረሰበት።

ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ በሁለቱ መስመሮች መካከል ራሱ ይቀያየራል። በርካሾቹ አስማሚዎች ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ፕሮግራሙ «አሁን ቀይር» ባለ ቁጥር በእጅ መገልበጥ አለባት። ለማንበብ ይቻላል። ለመጻፍ ግን ማብሪያዋ በተሳሳተው በኩል ቀርታ ወይም ሳትገባ መሃል ላይ ቆማ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሚደርሰውን ማሰብ ይበቃል። በራሱ የሚቀያየር ሌላ አማራጭ የፈለገ የቪጌት ቪሊንከር ኤፍኤስን ሊያይ ይችላል፤ እሱም በዩኤስቢ የሚሠራና ለዚሁ ፕሮግራም ታስቦ የተሠራ ነው።

«ኤልም327» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ርካሽ አስማሚዎች በተመለከተ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቺፑን የፈጠረው የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ 2022 ላይ ሥራውን አቁሟል፤ 1.5 የሚባል ስሪትም አውጥቶ አያውቅም። ማሸጊያው ላይ ቪ1.5 ተብሎ ከተጻፈ ቅጂ ነው ማለት ነው። ቅጂ ሁሉ አይሠራም አልልም፤ የጥፋት ኮድ ለማንበብ ብዙዎቹ ይበቃሉ። ችግሩ የሚወጣው ረጅም መልእክት ሲመጣ ነው። አንድ መደበኛ የካን ፍሬም (ባንዴ የሚላክ የመልእክት ቁራጭ) ከ8 ባይት በላይ አይሸከምም፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ የአንድ ሞጁል ቅንብር ግን በደርዘን የሚቆጠር ባይት ሊሆን ስለሚችል ተቆራርጦ ይላካል። የቅጂው ማህደረ ትውስታ ትንሽ ከሆነ መሃል ላይ አንዱን ቁራጭ ይጥላል። ሲነበብ የጎደለ ቅንብር መጠባበቂያ ተብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ጉዳቱ የሚታወቀው መመለስ ያስፈለገ ቀን ነው። ብሉቱዝ ላይም ያለኝ አቋም ተመሳሳይ ነው፦ ለማንበብ ይሁን፣ ለመጻፍ ግን ገመድ።

ፕሮግራሙን በነጻ ማውረድ ይቻላል፤ ኮድ ማንበብና ማጥፋት፣ የቀጥታ መረጃ ማየትና ሙከራ ማድረግ ያለ ፈቃድ ይሠራል። ቅንብር መቀየሪያው ገጽ ግን የተራዘመ ፈቃድ የሚባለውን ይጠይቃል። ፈቃዱ ከኮምፒውተሩ መለያ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከሰው ተውሰው በሚመልሱት ላፕቶፕ ላይ አያውጡት። የስልክ ስሪትም አለው፤ እዚህ የምገመግመው ግን የዊንዶውሱን ብቻ ነው።

ሶኬቱ ውስጥ ምንም ከመሰካቱ በፊት ባትሪውን ማየት ይገባል። ሥራው የሚሠራው ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናው ብዙ ሞጁሎችን ቀስቅሶ ከ5 አምፔር በላይ ሊወስድ ይችላል። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። በዚያ ላይ አርባ ደቂቃ ከተሠራ ቮልቴጁ ወርዶ ሞጁሎች ራሳቸውን ማጥፋት ይጀምራሉ። ባትሪውን ከ13 ቮልት በላይ የሚይዝ ቻርጀር ማሰር ነው መፍትሔው፤ 1 አምፔር የምትሰጥ ትንሽ ቻርጀር ከሚወጣው ያነሰ ስለምታስገባ አትረዳም። መብራቶቹን፣ ሬዲዮውንና የአየር ማራገቢያውን ያጥፉ። ላፕቶፑም ቻርጀር ላይ ይሁን፤ እንቅልፍ ሁነታው ይጥፋ፤ የዊንዶውስ ዝማኔም ከሥራው በፊት ይጠናቀቅ።

ከተገናኘ በኋላ ፕሮግራሙ የመኪናውን ባለ 17 ፊደል መለያ ያነባል፣ ሞጁሎቹን ይቆጥራል፣ መኪናውንም መዝግቦ ይይዛል። ቁልፍ በመጫን የሚነሳ መኪና ከሆነ ፍሬን ሳይረግጡ መጫን ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የጥፋት ኮዶችን ሁሉ አንብቦ ማስቀመጥ ነው። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ አንድ ኮድ ሲያይ ከእሱ ሥራ የመጣ ይሁን ቀድሞ የነበረ ማወቅ አይችልም። ቀጥሎ የቺፕ ምስል ያለበትን የቅንብር ገጽ ከፍቶ፣ ሊነካው ያሰበውን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ማንበብ የሚችለውን ሞጁል ሁሉ በየተራ አንብቦ በፋይል ማስቀመጥ። የፋይሉ ስም ላይ የሞጁሉ ስምና ቀኑ ይግቡ። ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ ይገልበጥ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ያለ መጠባበቂያ ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፎርድ የፋብሪካውን የመጀመሪያ ቅንብር በመኪናው መለያ ቁጥር ፈልጎ ማውረድ የሚቻልበት የአገልግሎት ድረ ገጽ አለው። ጥሩ ሁለተኛ መድን ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው፣ ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ የተቀየረውን አይዝም። የራስ ንባብ ይበልጣል።

ብዙ ሞጁሎች ገጹ ላይ ሁለት ጊዜ ተዘርዝረው ይታያሉ። አንደኛው በቃላት የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ የአገልግሎቱ ስም በግራ፣ «ይብራ» ወይም «ይጥፋ» የሚለው ምርጫ በቀኝ። ሁለተኛው «አዝ ቢልት» የሚባለው የፋብሪካ አጻጻፍ ሲሆን ባዶ ቁጥር ነው። በቃላት ያለው እስካለ ድረስ በእሱ ብቻ መሥራት ነው የሚሻለው። ይሁን እንጂ የሚፈለገው ነገር በቃላቱ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብ መማር ግድ ይሆናል።

የፋብሪካው አጻጻፍ አንድ መስመር ይህን ይመስላል፤ ለማስረዳት የፈጠርኩት ስለሆነ ማንም መኪናው ላይ እንዳይጽፈው፦

720-01-01   1020 3000 0089

720 የሞጁሉ አድራሻ ነው፤ የዳሽቦርዱ ቆጣሪ ሞጁል በዚህ አድራሻ ይጠራል። የአካል ሞጁሉ ቢሲኤም 726፣ የሞተሩ ፒሲኤም 7ኢ0 ነው። 01-01 ብሎኩንና መስመሩን ይጠቁማል። ቀጥሎ አምስት ባይት መረጃ አለ፦ 10፣ 20፣ 30፣ 00፣ 00። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች፣ 89፣ ቼክሰም (የስህተት መቆጣጠሪያ ድምር) ናቸው። የሚሰላውም አድራሻውን ለሁለት ከፍሎ ሁሉንም በሄክሳዴሲማል (በአሥር ሳይሆን በ16 በሚቆጠረው የቁጥር ሥርዓት) በመደመር ነው፦ 07 እና 20 ሲደመሩ 27፤ ሁለቱ 01ዎች ሲጨመሩ 29፤ 10 ሲጨመር 39፤ 20 ሲጨመር 59፤ 30 ሲጨመር 89። ድምሩ ከሁለት አሃዝ ካለፈ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ይያዛሉ። አራተኛውን ባይት ከ00 ወደ 10 ብንቀይረው መስመሩ 1020 3010 0099 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ፎርስካን ራሱ አስልቶ ይሞላዋል፤ በእጅ መደመር አይጠበቅብንም።

እንግዲህ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቼክሰሙ ትክክል ሆኖ ሲያዩ የጻፉት ትክክል የሆነ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች አቀያይረን 2010 3000 ብንጽፍ ድምሩ ያው 89 ነው። መደመር ቅደም ተከተል አያውቅም። ቁጥር ሲገለብጡ ቦታ ቢያዛንፉ ቼክሰሙ አይጮኽም፤ ሞጁሉም ተቀብሎ ይጽፈዋል። ከሌላ ሰው መኪና የተገለበጠ መስመር ሙሉውን ለጥፎ መጻፍ የባሰ አደጋ ያለበትም ለዚህ ነው፤ የዓመተ ምህረት፣ የመሪ ጎን ወይም የካምቢዮ ልዩነት እዚያው መስመር ውስጥ ከምንፈልጋት ቢት ጎን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አሠራር የራስን መስመር አንብቦ፣ የምትቀየረዋን አንዲት አሃዝ ብቻ ነክቶ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው ነው።

አንዲት አሃዝ ማለት ደግሞ አራት ቢት ማለት ናት። 4 የተጻፈበት ቦታ በቢት 0100 ነው። የምንፈልገው አገልግሎት የመጨረሻዋ ቢት ከሆነ 0101 ማድረግ አለብን፤ ማለትም 5። አንድ ሰው «እዚያ ላይ 1 ጻፍ» ብሎ የመከረው የእሱ መኪና ላይ ቀድሞ 0 ስለነበረ ሊሆን ይችላል። 4ን አጥፍቶ 1 የጻፈ ሰው አዲሱን አገልግሎት ቢያገኝም ቀድሞ በርታ የነበረችውን ሌላ ቢት አጥፍቷል፤ ምን እንዳጠፋም የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ የሆነ ነገር መሥራት ሲያቆም ነው።

አንድ ለውጥ፣ አንድ ጽሕፈት፣ አንድ ሙከራ። ፕሮግራሙ ጽፎ ሲጨርስ ቁልፉን አጥፍቶ ማብራት ይጠይቃል፤ የሚለውን በሚለው ጊዜ ማድረግ ነው። ከዚያ የተቀየረውን ነገር በተግባር መሞከር፣ የጥፋት ኮዶችን እንደገና ማንበብና ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር ማስተያየት። አምስት ነገር ባንዴ ቀይሮ አንድ ችግር ያገኘ ሰው አምስቱንም መመለስ ይኖርበታል።

ይህ መሣሪያ ዋጋውን የሚያስመሰክርባቸውን ሁለት ሥራዎች በቅርብ ልይ። የመጀመሪያው ፍሬቻ ነው። የተለመደው የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ስለሆነ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳል። በኤልኢዲ ሲተካ የሚወስደው ኩረንት በጣም ይቀንስና ቢሲኤም አምፖሉ የተቃጠለ መስሎት ፍሬቻውን በፍጥነት ያርገበግባል። የተለመደው መፍትሔ ባለ 6 ኦም ሬዚስተር ማሰር ነው። በ13.5 ቮልት ሬዚስተሩ 2.25 አምፔር ይወስዳል፤ ያ ማለት 30 ዋት ሙቀት ነው፣ ከአምፖሉ የሚበልጥ። ፕላስቲክ ወይም ቀለም ላይ ከተለጠፈ ያቀልጣል። ቢሲኤሙ ላይ የፍሬቻ አምፖል መቃጠል ክትትልን ማጥፋት በሚቻልባቸው ሞዴሎች ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ጽሕፈት ያልቃል፤ ሽቦ አይቆረጥም፣ የሚግል ነገር አይኖርም። ዋጋውም ይታወቅ፦ ከዚያ በኋላ ፍሬቻው በእውነት ሲጠፋ መኪናው አይነግርም፤ በዓይን ማየት የባለቤቱ ፋንታ ይሆናል።

ሁለተኛው የጎማ መጠን ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ጥቅሙ ይህ ነው። 265/65 ባለ 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776.3 ሚሊሜትር ይሆናል፦ ቸርኬው 431.8፣ የጎማው ጎን 172.25 ሁለት ጊዜ። ወደ 265/70 ሲቀየር ዲያሜትሩ 802.8 ይደርሳል። ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው። ቆጣሪው ቀድሞ ልክ ከነበረ አሁን 100 ሲል መኪናው 103.4 እየሄደ ነው፤ የኪሎሜትር ቆጠራውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጎማው ዙሪያ በሚሊሜትር የተጻፈበትን ቦታ አግኝቶ ማረም ነው። ስህተቱ የሚሠራው አዲሱን ዙሪያ በሒሳብ አውጥቶ እንዳለ በመጻፍ ነው። የ802.8 ዲያሜትር ዙሪያ 2522 ነው። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ የተጻፈው የጂኦሜትሪ ዙሪያ አይደለም፤ ጎማው ክብደት ተሸክሞ ሲንከባለል የሚሸፍነው ርቀት ነው፣ እሱም ያነሰ ነው። የተጻፈው ለምሳሌ 2360 ቢሆን ትክክለኛው ሥራ 2360ን በ1.034 አባዝቶ 2440 መጻፍ ነው። 2522 የጻፈ ሰው ቆጣሪውን በሌላው አቅጣጫ ከ3 በመቶ በላይ አሳስቶታል፤ ለማረም ተነስቶ ስህተቱን ገለበጠው። ከጻፉ በኋላ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከጂፒኤስ ፍጥነት ጋር ማስተያየት አይቀርም።

ባትሪ ሲቀየር የባትሪ ክትትሉን እንደገና ማስጀመርም በዚሁ ፕሮግራም ይሠራል። መኪናው አሮጌውን ባትሪ እያሰበ አዲሱን ሲሞላ መኪናው ሲቆም ሞተሩን ራሱ እያጠፋ መልሶ የሚያስነሳው ነዳጅ ቆጣቢ ሥርዓት አልሠራ ይላል። የባትሪው አቅም ወይም ዓይነት ከተቀየረም ቅንብሩ ላይ ማረም አይረሳ።

ሳይሳካ ሲቀር ምን ይሆናል? ሞጁሉ ጥያቄን ሲገፋ በአይኤስኦ 14229 (የመኪና ሞጁሎች ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት የምክንያት ቁጥር ይመልሳል። 22 ማለት ሁኔታው አልተሟላም፤ ሞተሩ በርቷል፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል ወይም ቮልቴጁ ዝቅ ብሏል። 31 ማለት የተጠየቀው ሞጁሉ የማያውቀው ብሎክ ወይም የማይቀበለው ዋጋ ነው፤ ደጋግሞ መሞከር ትርጉም የለውም። 33 ማለት ሞጁሉ የሚጠይቀው የደህንነት ፈቃድ አልተሰጠም። 78 ግን እምቢታ አይደለም፣ «ቆይ እየሠራሁ ነው» ማለት ነው፤ በዚህ ሰዓት ገመድ የነቀለ ሰው ደኅናውን ሥራ ያበላሻል።

ከጽሕፈት በኋላ ዩ2100 ከመጣ የሞጁሉ ቅንብር አልተሟላም ማለት ነው። ዩ2101 ደግሞ ቅንብሩ ከመኪናው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ሁለተኛው የሚመጣበት የተለመደ ምክንያት አለ፦ የመኪናውን አጠቃላይ ማንነት የያዘው ቢሲኤም ሲሆን ሌሎቹ ሞጁሎች የራሳቸውን ከእሱ ጋር ያስተያያሉ። ቢሲኤም ላይ «ይህ መሣሪያ አለ» ተብሎ ተጽፎ ቆጣሪው ላይ «የለም» ከተባለ ይጋጫሉ። መጠባበቂያ ፋይሉን ጭኖ መጻፍ፣ ቁልፉን አጥፍቶ ማብራት፣ ኮዶቹን ማጥፋት፤ ቅንብር ብቻ ተነክቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል።

ቅንብር ብቻ ያልኩት አውቄ ነው። ቅንብር መጻፍ የሰከንዶች ሥራ ነው፤ የሞጁሉን ሶፍትዌር ራሱን መቀየር ግን ረጅም ደቂቃዎችን ይፈጃል፤ መሃል ላይ ከተቋረጠም ሞጁሉ እስከነአካቴው ላይነሳ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ጎረቤት ሆነው መቀመጣቸው የፎርስካን አንዱ ጉድለት ነው። የኤርባግ ሞጁሉም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ አይነካም። የፍሬን ሞጁሉም እንዲሁ። የቀበቶ ማስታወሻውን ድምፅ ማጥፋት ቢቻልም አልመክርም፤ የሚጮኸው ለተሳፋሪው ሕይወት ነው። ጭጋግ መብራትን ከረጅም መብራት ጋር ማብራት ደግሞ በአንዳንድ ቦታ በትራፊክ ሕግ ሊከለከል ስለሚችል የሚነዱበትን ሕግ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሶፍትዌር የሌለ ዕቃ አይፈጥርም። ወንበሩ ውስጥ ማሞቂያው ካልተዘረጋ ማሞቂያውን በቅንብር ማብራት የሚያመጣው ለውጥ የማይሠራ ምልክትና የጥፋት ኮድ ብቻ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል ላይ የመሪ ቁልፎቹ፣ በክሎክ ስፕሪንጉ (መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለለው የሽቦ ማገናኛ) ውስጥ የሚያልፉት ሽቦዎች፣ ከዚያ ቅንብሩ፤ ሦስቱም መሟላት አለባቸው። የመሪውን ኤርባግ ማውረድ ስለሚጠይቅ ባትሪውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ መጀመር አይገባም፤ ሞጁሉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ኤርባግን ሊያፈነዳ ይችላል። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ፦ ወኪል ጋራዥ ሞጁሉን ሲያዘምን ቅንብሩን ከፋብሪካው መዝገብ መልሶ ሊጭን ስለሚችል የቀየሩት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። የቀየሯቸውን በወረቀት መያዝ ለዚያ ቀን ይጠቅማል።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ፣ ለፎልክስቫገን ቤተሰብ ቪሲዲኤስ ከሄክስ-ቪ2 አስማሚ ጋር የዚህ አቻ ነው። በብዙ ሞዴሎች የባይቱን ትርጉም በቃላት የሚያስረዳ ረዳት መስኮት ስላለው ለጀማሪ ከፎርስካን ይሻላል፤ እንደ ጎልፍ 7 ባሉት ላይ በአድራሻ 09 (መብራትን የመሳሰሉትን የሚቆጣጠረው ሞጁል) ለመግባት የሚጠየቀውን እንደ 31347 ያለ ኮድ እንኳ መስኮቱ ላይ ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ከ2020 ከጎልፍ 8 ጀምሮ ኤስኤፍዲ የሚባል ጥበቃ ስላለ ብዙ ሞጁሎች ከአምራቹ ሰርቨር በሚመጣ ፈቃድ ካልሆነ አይጻፉም። ለቢኤምደብሊው ቢመርኮድ በስልክ ይሠራል፤ ከመጻፉ በፊት መጠባበቂያውን ራሱ ያስቀምጣል። ፎርስካን ይህን ለሰው ትውስታ መተዉ ትልቁ ቅሬታዬ ነው፤ «ጻፍ» የሚለው ቁልፍ መጠባበቂያ ፋይል እስኪኖር ተቆልፎ መቆየት ነበረበት። የፊያት ክራይስለር መኪኖች ላይ ከ2018 ሞዴሎች ጀምሮ ያልተፈቀደ መሣሪያ እንዳይጽፍ የሚከለክል የደህንነት በር ገብቷል፤ አዝማሚያው የሁሉም አምራቾች ነው። ፎርድ ያለው ሰውም ከመግዛቱ በፊት የሱ ሞዴልና ዓመት ላይ ቅንብር መጻፍ እንደሚቻል ያጣራ፤ ማንበብ መቻል ብቻውን መጻፍ ይቻላል ማለት አይደለም።

አንድ አገልግሎት ብቻ ለማብራት ለሚፈልግና ዳግም ለማይነካ ሰው ይህን አልመክርም፤ የሚያውቅ ኤሌትሪሺያን ጋር ሄዶ መጠባበቂያ ፋይሉን ተቀብሎ መመለስ ይሻለዋል። መኪናውን ለዓመታት ሊይዝ ላሰበ፣ ጎማና አምፖል ለሚቀይር፣ ባትሪ ሲተካም ቅንብሩን ራሱ ማስተካከል ለሚፈልግ ግን ፎርስካንንና ኦቢዲሊንክ ኢኤክስን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ገዝቶ በመጣበት ቀን ምንም አይቀይር፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሁሉንም ሞጁል አንብቦ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው።